ዝግ ያለ ችክችካን ለምን በሦስት ይሰሙታል?

ባለድራም (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ድራም ነው የምመታው። ሰርግና ምርቃት ላይ የምትጫወት ትንሽ ባንድ አለችን። አሁን ቤዝ የሚጫወትልን ሰው አሜሪካዊ ነው። ጃዝ የተማረ፣ ጆሮው የማይታማ ልጅ ነው። ፈጣን ዘፈን ላይ ችግር የለብንም። ዝግ ያለ ችክችካ ስንጀምር ግን እንለያያለን። ከምት ወጣ ማለቴ አይደለም። የራሱን ሌላ ምት ይዞ ይሄዳል፤ ያም ልክ ነው! እኔ በእግሬ ሁለት ስመታ እሱ ሦስት ይመታል። የዙሩ መጀመሪያ ላይ እንገናኛለን፣ ወዲያው ደግሞ እንበታተናለን።

የራሳችንን ልምምድ ቀድቼ አሰማሁት። "ይሄ እኮ ዋልስ ነው" አለኝ፤ በሦስት የሚቆጠረው የፈረንጅ ዳንስ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ብሞት ዋልስ አይሰማኝም። ቅጂው አንድ፣ ጆሮው ሁለት። ማነው ትክክል? ለመሆኑ ምቱ ያለው የት ነው፤ ድምፁ ውስጥ ወይስ እኛ ውስጥ?

ቀናው

ወንድሜ ምን ያደክምሃል። ችክችካ ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው። የኛ ልጅ ዳዴ ሳይል ትከሻውን ያውቃል። ፈረንጅ ሺህ ዓመት ቢማር አይገባውም። አንድ አበሻ ቤዝ ተጫዋች ፈልግና ተገላገል።

የድምፅ ሰው (አዲስ አበባ)

ቀናው፣ ደሙን ለጊዜው እናቆየው። ለዚህ ነገር ሒሳብ አለው።

ችክችካ በአንድ ዙር ስድስት ትንንሽ ምት አለው። ስድስት ደግሞ ለሁለትም ለሦስትም ይካፈላል። ሦስት ሦስት አድርገህ ከቋጠርከው ሁለት ትልልቅ ምት ይወጣሃል። ሁለት ሁለት ካደረግከው ሦስት። ድምፁ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እኛ የመጀመሪያውን እንይዛለን፣ የናንተ ሰው ሁለተኛውን ያዘ።

ለምን ዝግ ያለው ላይ ብቻ? ሰው ምት ብሎ ሊይዘው የሚችለው ክፍተት ገደብ አለው። ፖል ፍሬስ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል። በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ካነሰ ነገሩ ይደፈጠጣል። ሁለት ሰከንድ አካባቢ ከደረሰ ደግሞ ድምፆቹ አይያያዙም፤ እያንዳንዱ ብቻውን ይቀራል። ሰው በጣም የሚመቸው መሀል ላይ፣ 600 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። በደቂቃ 100 ምት ማለት ነው።

አሁን ፈጣን ዘፈን ውሰድ። አንዱ ዙር አንድ ሰከንድ ይፍጅ እንበል። በሁለት ከቆጠርከው ትልቁ ምት በየ500 ሚሊ ሰከንዱ ይመጣል። በሦስት ከቆጠርከው በየ333። የመጀመሪያው ለ600 በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ባዕዱም ሳያስበው በሁለት ይገባል። ዝግ ያለውን ውሰድ። ዙሩ 1,500 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። በሁለት 750፣ በሦስት 500። እንግዲህ ወደ 600 የሚቀርበው የትኛው ነው? ሦስቱ! ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ግን የሚጎትት ሌላ ነገር ለሌለበት ጆሮ ትንሽም ይበቃል። አንተን ወደ ሁለት የሚጎትትህ ልማድህ ነው።

ስለዚህ ሰውየው አልሳተም። ሒሳቡ እንደሚለው ነው የሰማው።

ባለድራም

ኧረ አቦ! ፈጣኑ ላይ ለምን እንደማንጣላ አሁን ነው የገባኝ። ግን አንድ ነገር። ቅጂው ላይ እኔ ራሴ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም) በሁለት ነው የምመታው። ያንን እየሰማ እንዴት በሦስት ይሄዳል?

የድምፅ ሰው

ኪክህ ይሰማዋል። ግን እንደ ማጣፈጫ ነው የሚሰማው። አንዴ በሦስት ከያዘ በኋላ የአንተ ሁለተኛ ኪክ ከምቱ ውጭ የገባ ጌጥ ይሆንበታል። ጃዝ የተማረ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ጌጥ ይወዳል።

ሰው ምትን ከድምፅ ጋር ብቻ አይሰማም፤ ይጨምርበታል። ስልክህ ላይ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚሰጥ መሣሪያ) ክፈት፤ ድምፆቹ ሁሉ ፍጹም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ዝም ብለህ አዳምጥ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንደኛው ጠንካራ ሌላኛው ደካማ ሆኖ ይሰማሃል። ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ። መሣሪያው ግን ቀጭ ብቻ ነው ያለው። ይህንን ታዴየስ ቦልተን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው የጻፈው። ሰዎች እኩል የሆኑ ድምፆችን ሰምተው ሁለት ሁለት፣ አራት አራት እያደረጉ ቋጠሯቸው። ማንም ቋጥሩ ሳይላቸው።

የፒያሳ ልጅ

አሁን ሞከርኩት። እውነት ነው ቋ ይላል። ከዚያ ራሴን አስገድጄ ሦስት ሦስት አደረግኩት፣ እሺ አለኝ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ባለቤቴ ስልኩን ወስዳለች።

የመንታ እናት (ስቶክሆልም)

"ልማድ" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ሸፍኖ አለፈብን። ልማዱ በምን በኩል ነው የሚገባው? እኔ የሕፃናት መዋያ አስተማሪ ነኝ። ስንሠለጥን ያነበብነው አንድ ጥናት አለ፤ ለናንተ ጥያቄ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ካናዳ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። ጄሲካ ፊሊፕስ ሲልቨር እና ሎረል ትሬነር እ.ኤ.አ. በ2005 አወጡት። የሰባት ወር ሕፃናት ሰበሰቡ። ያሰሟቸው ስድስት ምት ያለው፣ የትኛውም ላይ ጠንከር የማይል ዙር ነው። ልብ በሉ፣ ስድስት! እሱን እያሰሙ ለሁለት ደቂቃ ሕፃናቱን አቅፈው አነጠሯቸው። ግማሾቹን በየሁለተኛው ምት፣ ግማሾቹን በየሦስተኛው። በኋላ ሁለት ቅጂ አቀረቡላቸው፤ አንዱ በየሁለተኛው የሚጠነክር፣ ሌላው በየሦስተኛው። ሕፃናቱ ረጅም ጊዜ ያደመጡት በተነጠሩበት ዓይነት የሚጠነክረውን ነው። ሁሉም የሰሙት ድምፅ አንድ ነበር። የተለያየው ሰውነታቸው ላይ የደረሰው ነው። ዓይናቸው ተሸፍኖም ያው ሆነ። ሌላ ሰው ሲነጥር ቁጭ ብሎ ማየት ግን አልሠራም። ራሳቸው መነጠር ነበረባቸው።

አሁን አንቀልባ አስቡ። እናት ልጇን አዝላ ሰርግ ቤት ገብታለች። ከበሮው ይመታል፣ ታጨበጭባለች፣ ከወገቧ ሸብረክ ትላለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ በየትልቁ ምት ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ በሁለት ነው። ልጁ ተኝቶም ሊሆን ይችላል። አንድ ዓመት ሳይሞላው ስንት ሰርግ፣ ስንት ክርስትና፣ ስንት የሰፈር ጭፈራ በጀርባ አልፎበታል? ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግን ባለድራም ዋልሱ አልሰማ ያለው እዚያ ጀርባ ላይ ይመስለኛል።

ቀናው

ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ከእናት ነው የሚመጣው እያልኩ አይደል።

የመንታ እናት

ከእናት ጀርባና ከእናት ደም ለየቅል ናቸው፣ ወንድም ቀናው። 

ደም ቢሆን ሁሉም ሲወለድ የራሱን ብቻ ይሰማ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ኤሪን ሃነን እና ሳንድራ ትሬሃብ የባልካን ዘፈኖችን ወስደው ሞከሩ። የቡልጋሪያና የመቄዶንያ ሙዚቃ ምቱ እኩል እኩል አይሄድም፤ አጭርና ረጅም ይደባልቃል። የሰሜን አሜሪካ አዋቂዎች እዚያ ውስጥ ምት ሲዛባ ማወቅ ያስቸግራቸዋል። ከቡልጋሪያና ከመቄዶንያ የመጡት ግን ሁለቱንም፣ እኩል የሚሄደውንም የማይሄደውንም፣ ይለያሉ። የስድስት ወር የሰሜን አሜሪካ ሕፃናትስ? እነሱም ሁለቱንም ይለያሉ! አንድ ዓመት ሲሞላቸው እንደ ወላጆቻቸው ይሆናሉ። የራሳቸውን አጥርተው፣ የሰውን ይዘጋሉ። 

በዚያ ዕድሜ በሩ ገና ገርበብ ያለ ነው። የአንድ ዓመት ልጆች ቤታቸው ለሁለት ሳምንት የባልካን ዘፈን ሲከፈትላቸው እንደገና መለየት ጀመሩ። አዋቂዎቹ ላይ ያው መጠን ያን ያህል አልሠራም።

ስለዚህ ስቶክሆልም ላይ የተወለደ አበሻ ቤቱ ችክችካ ካልተከፈተ እንደ ስዊድናዊው ነው የሚሰማው። የኔዎቹን መንትዮች ለማዳን ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ እንጨፍራለን። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታሉ፤ በሦስት ይሁን በሁለት አላጣራሁም።

ከነታንያ

ሰላም። እዚህ እስራኤል የቤተ እስራኤል ሰርግ ላይ ስንት ዓይነት ሰው ይመጣል። ከሩሲያ የመጣ፣ ከሞሮኮ የመጣ። አዋቂ አይማርም የምትሉት አይዋጥልኝም። የወንድሜ ሚስት ወላጆቿ ከዩክሬን ናቸው። ዛሬ እስክስታዋን ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ያስተማረቻት እናታችን ናት። ሙዚቃ ሳትከፍት ነው የጀመረችው። ትከሻዋን በእጇ ይዛ እያንቀሳቀሰች፣ በአፏ "እስ እስ" እያለች። ሙዚቃው በኋላ ነው የተከፈተው። ቆጠራ የሚባል ነገር አልነበረም።

የመንታ እናት

እህቴ ነሽ ወንድሜ? ማንም ሁን፣ እናትህ ምርጥ መምህር ናቸው። አዋቂ ይማራል። ያልኩት በጆሮ ብቻ ይከብደዋል ነው። እሳቸው በትከሻ አስገቡት።

መሪጌታ

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። ጨዋታችሁን በዝምታ ሳነብ ቆየሁ። አንድ የረሳችሁት ነገር አለ። ምት የሌለውም ስልት አለው።

የአቋቋም ሰው ነኝ። ማሕሌት ላይ አንድ ቃል በአንድ መልክ ብቻ አይባልም። መጀመሪያ በቁም ይባላል። ቁም ዜማ ከበሮ የለው፣ ጭብጨባ የለው። ባለድራም በእግርህ ልምታው ብትል መሬት አታገኝም። አንዱ ቀለም (የቃሉ አንድ ክፍል) ይረዝማል፣ ሌላው ይታጠፋል፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይሳባል። ሊቃውንቱ ግን ሃያም ሠላሳም ሆነው አንድ ላይ ይወድቃሉ። ምን አገናኛቸው? ከላይ ያለው ምልክት የድምፁን መንገድ ያሳያል እንጂ ይህን ያህል ቆይ አይልም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሲሠሩ ሰዓት አልሰፈሩበትም። የሚያገናኛቸው ዜማውን አብሮ መዋጥ ነው። መሪው ሲተነፍስ አብሮ መተንፈስ ነው።

ከዚያ ዝማሜ ይመጣል። መቋሚያው ይነሳል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ያው ቃል ነው፣ ያው ዜማ ነው። አሁን ግን ምት አለው። ከበሮ ገና አልተመታም እኮ! ምቱ የገባው በመቋሚያው እንቅስቃሴ ነው። ቀጥሎ መረግድ ነው፤ ከበሮና ጸናጽሉ ይገባል። መጀመሪያ ንዑስ መረግድ፣ ኋላ ዐቢይ መረግድ። መጨረሻ ጽፋት ነው። ጭብጨባው ይገባል፣ ፍጥነቱ ይነሳል፣ ቆሞ የነበረው ሕዝብ እልል ይላል።

ተማሪ ሳለሁ ጽፋቱን ቶሎ ያዝኩ። ቁሙ ነው ዓመታት የፈጀብኝ። ዛሬ ግን ጽፋት እየተመታ ከሥሩ ቁሙ ይሰማኛል። ባልተማረ ጆሮ ግን አራት የተለያየ ነገር ነው የሚመስለው።

ባለድራም

መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ልጠይቅዎ። ከዝማሜ ወደ መረግድ ሲገባ ከበሮ መቺው የት ላይ መግባት እንዳለበት በምን ያውቃል? ቆጥሮ ነው?

መሪጌታ

ማን ይቆጥራል ልጄ። መቋሚያው ሲወርድ እጁ አብሮ ይወርዳል። ቀድሞ ሰውነቱ እየዘመመ ነበር እኮ። ከበሮው ሲገባ ያንን ነው በድምፅ የሚናገረው። ሰፊው አፍ ወፍራሙን ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭኑን። ጀማሪ የሚሳሳተው ዝም ብሎ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ነው። የዘመመ አይሳሳትም።

የድምፅ ሰው

መሪጌታ ያሉትን በአንጎል ምስልም አይተውታል። ጄሲካ ግራን እና ማቲው ብሬት የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ሳይንቀሳቀሱ አስተኝተው ምት አሰሟቸው። ምቱ የሚያዝ ዓይነት ሲሆን እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ተነሣ። እጃቸው አልተነቃነቀም፤ አንጎላቸው ግን እየጨፈረ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው።

ቋንቋ ወዳድ

ንግግርስ? ሁሉም ሰው ሙዚቃ ላይ ነው ያለው።

የእንግሊዝኛ ንግግር ለአማርኛ ጆሮ የሚዘልል ይመስላል፤ አንዱ ክፍል ይጎላል፣ ሌላው ይዋጣል። ቀድሞ ሊቃውንቱ ቋንቋዎችን ለሁለት ከፍለዋቸው ነበር። እነ እንግሊዝኛ ጫናው (የሚጎላው ክፍል) በእኩል ጊዜ የሚመጣባቸው፣ እነ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም እኩል ጊዜ የሚወስድባቸው። ኬኔት ፓይክ በ1945 ስም አወጣለት፣ ዴቪድ አበርክሮምቢ በ1967 የዓለም ቋንቋ ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ነው አለ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ከዚያ ሰው መለኪያ ይዞ ቀረበ። እኩል ጊዜ የሚባል ነገር ታጣ! በእንግሊዝኛም የለም፣ በፈረንሳይኛም የለም። ድምፁ ውስጥ የለም፤ ስንሰማው ግን አለ። የባለድራም ጥያቄ ራሱ ነው።

ሆኖም ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ቅዠት አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ቲየሪ ናዚ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አራስ ሕፃናትን ፈትኗል። ንግግሩን አጣርተው ተነባቢው እንዳይለይ፣ ስልቱ ብቻ እንዲቀር አደረጉት። እናት ሆድ ውስጥ እንደሚሰማው ዓይነት ማለት ነው። ሕፃናቱ እንግሊዝኛን ከጃፓንኛ ለዩ። እንግሊዝኛን ከደች ግን አልለዩም። የነዚህ የሁለቱ ስልት ይቀራረባል። ቃል ሳያውቁ፣ ድምፅ ሳይለዩ፣ ስልቱን ግን ይዘውታል።

አማርኛ ላይ ጫናው ቀለል ያለ ነው። ስልቱን የሚሠራው መጥበቅና መላላት ነው። "ገና" ብለህ ብትጽፍ ፊደሉ ምንም አይነግርህም። ላልቶ ከሆነ ሰውየው አልመጣም፣ ጠብቆ ከሆነ በዓሉ ደርሷል። ልዩነቱ ምላስ ን ላይ ለቅጽበት መቆየቷ ነው፤ ጊዜ ነው እንጂ ሌላ ድምፅ አይደለም። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች አማርኛ ሲያነቡ አንድ የሆነ ነገር ይጎድላል የምንለው ይሄ ነው። ፊደሉን በትክክል ያነቡታል፣ ሁሉንም ግን አላልተው ያልፉታል። አያቶች "ምን አለ?" ይላሉ። ቃሉ ጠፍቷቸው ሳይሆን ስልቱ ስለፈረሰ ነው።

የፒያሳ ልጅ

ምን አለ ስትል... ጠብቆ ነው ላልቶ? 😀

እኔ የምጨምረው አለኝ። ታክሲ ተራ ቆማችሁ ወያላ ስሙ። "ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ!" መጀመሪያ ቃል ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ከጠበቅክ በኋላ ዘፈን ይሆናል። ዜማ ያወጣል፣ ምት ያወጣል። ማታ ቤት ገብቼ እያንጎራጎርኩት ተይዣለሁ። ልጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልቀየረውም። ቆራሌውም ያው ነው። ጣሳ ፈልጎ ነው የመጣው፣ ሰፈሩ ግን ድምፁን ያወርድለታል።

ቋንቋ ወዳድ

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ዳያና ዶይች የሚባሉ የሙዚቃ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በአጋጣሚ ደርሰውበታል። የራሳቸውን ንግግር እያስተካከሉ ሳለ አንዲት ሐረግ በመሣሪያው ላይ ስትደጋገም ቀረች። ሌላ ሥራ ሲሠሩ ቆይተው ቀና ሲሉ ክፍሉ ውስጥ ሰው የሚዘፍን መሰላቸው። የራሳቸው ድምፅ ነበር። ድምፁ ላይ ምንም አልተነካም፤ መደጋገም ብቻ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ፣ አንዴ ዘፈን ከሆነብህ ሙሉውን ንግግር ከመጀመሪያው ብትሰማውም እዚያች ሐረግ ላይ ስትደርስ ሴትየዋ ድንገት መዝፈን ይጀምራሉ።

ወያላህን ቅዳና ሞክረው።

ግጥም አፍቃሪ

እኔ ደግሞ ሆያ ሆዬን ላምጣ። ሕፃን ሆነን ቀለም ቆጥረን አልነበረም የጨፈርነው። አሁን ቁጠሩት።

እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል
አጋፋሪ ይደግሳል

"እዚያ" ላይ "ዚ" ትዋጣለች። "እዝያ ማዶ" አራት፣ "ጭስ ይጨሳል" አራት። "አጋፋሪ" አራት፣ "ይደግሳል" አራት። ይህ ቡሄ በሉ የሚባለው ቤት ነው። አምስት አምስት ሲሆን ሰንጎ መገን ይሆናል፣ ስድስት ስድስት ሲሆን የወል ቤት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት አድርጎ ሲጽፍ ደግሞ የጸጋዬ ቤት ተባለ።

አንዲት ቀለም ብትጎድል ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አያቆሙም። ካለው አንዷን ይስቡና ዱላው መሬት ሲደርስ እኩል ይደርሳሉ። ብትበዛ ደግሞ አንዷን ይውጣሉ፤ እንደ "ዚ"። ማንም ያስተማራቸው የለም። ዱላው ነው የሚያርማቸው። ይህ ልጅ አድጎ የወል ቤት ሲያነብ መሀል ላይ ለምን እንደሚያርፍ ብትጠይቀው አይነግርህም።

ወረቀት ላይ ብቻ የሚጻፈው የዛሬ ግጥም ብዙ ጊዜ የሚያነክሰው ደራሲው ቀለም መቁጠር ስላቃተው አይመስለኝም። ቁጭ ብሎ ስለሚጽፈው ነው። (አውቃለሁ፣ ልትሰድቡኝ ነው።)

ቀናው

እሺ ደሙን ትቻለሁ። ግን እንስሳስ? ውሻዬ ሙዚቃ ሲከፈት ጭራውን ይቆላል። እሱም ምት ይሰማል?

የፒያሳ ልጅ

ውሻህ የሚቆላው ምግብ መስሎት ነው። በቀቀኖች ግን ይችላሉ። ስኖውቦል የሚባል ነጭ ኮካቱ አለ፤ ዘፈኑን ሲያፈጥኑት አብሮ ያፈጥናል፣ ሲያዘገዩት ያዘገያል። አኒሩድ ፓቴል የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፎበታል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ሮናን የምትባል የባሕር አንበሳ ሠልጥና አንገቷን በምት ትነቀንቃለች። ቤዝ ተጫዋች ከጠፋ ባለድራም አማራጭ አለህ።

የአባቷ ልጅ

ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ላቋርጥ። አባቴ ፓርኪንሰን አለበት። እርምጃው አጥሯል፣ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ይጣበቅበታል። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ የድሮ የሰልፍ ሙዚቃ ሲመጣ ተነሥቶ ሳሎኑን ቀጥ ብሎ ተሻገረ። ደነገጥን። ከላይ የድምፅ ሰው ስለ አንጎል የጻፈውን ሳነብ ትዝ አለኝ። ይሄ ነገር የሚታወቅ ነው?

ነርሷ (ዳላስ)

የሚታወቅ ነው እህቴ። የፊዚዮቴራፒ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ኮሎራዶ ውስጥ ማይክል ታውት እና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የሞከሩት። ሕሙማኑ ምት እየሰሙ መራመድ ሲለማመዱ ፍጥነታቸውም የእርምጃቸው ርዝመትም ተሻሻለ።

ፓርኪንሰን የሚጎዳው ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለውን ክፍል ሥራ ነው። የድምፅ ሰው የጠቀሳቸው ጥናት ላይ ምት ሲያዝ የተነሣው አንዱ ክፍል እሱ ነው። ከውስጥ ምቱን የሚሰጠው ሲደክም ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ያግዘዋል ተብሎ ይታሰባል። መድኃኒቱን አይተካም። ደግሞም በር ላይ ለመጣበቁ ለሁሉም ሰው አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙንና ፊዚዮቴራፒስቱን አማክሪ፤ የመውደቅ ነገር ስላለ ብቻውን እንዳይሞክር።

ከፈቀዱ፣ ዘፈን ዝም ብለሽ አትክፈቺ። መጀመሪያ አባትሽ በራሱ ሲሄድ በደቂቃ ስንት እንደሚራመድ ቁጠሪ። ምቱ ከዚያ ጋር እኩል ይሁን፤ መጨመር ካለበት ፊዚዮቴራፒስቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። ችክችካ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ምት ጎልቶ ይሰማ። እግር ሁለት ነው፤ በሦስት የሚያምታታ ነገር አያስፈልገውም።

ባለድራም

የአባቷ ልጅ፣ ቆጥረሽ ጻፊልኝ። በዚያው ፍጥነት ከበሮ ብቻ ቀድቼ እልክልሻለሁ። ጌጥ የሌለው፣ ትልቁ ምት ብቻ።

የአባቷ ልጅ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ፊዚዮቴራፒስቱ ሞክሩት ብሏል፤ እሱ ባለበት ነው የምናደርገው። ዛሬ ኮሪደሩ ላይ አብረን ቆጠርን፣ በደቂቃ 88 እርምጃ ነው። ግን ከበሮ ብቻ ከሚሆን ትንሽ ዋሽንት ቢገባበት? ዝም ያለ ከበሮ ሲሰማ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው ይላል።

ባለድራም

88፣ ከበሮና ዋሽንት። ዋሽንት የሚነፋ ጓደኛ አለኝ፣ ቅዳሜ ይመጣል። ስንት ደቂቃ ይሁን?

ነርሷ (ዳላስ)

ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ሲጨርስ በድንገት አይቁም፤ መጨረሻው ላይ ቀስ እያለ ይዝጋ፣ እሱም ወንበሩ ጋ ደርሶ እንዲቆም።